መልሱ «የለም» ሲሆን

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው አራት እህትማማቾችና ወንድማማቾች ሆነን ነው። ሁለታችን መቱ እንኖራለን፤ አንዱ ወንድማችን በደሌ ይሠራል፤ ታላቅ እህታችን ውጭ አገር ናት። አባታችን ወደ ጌታ ከሄዱ ዓመት አለፋቸው። በለቅሶው ሰሞን ብዙ ሰው «ያን ሁሉ ወጪ አውጥታችሁ ዕጢውን ውጭ አገር ድረስ ልካችሁ ማስመርመራችሁ ምን ጠቀመ?» ብሎን ነበር። ያኔ ዝም አልን። ዛሬ ግን ትንሽ የምንለው አለን፤ በቤታችሁ የታመመ ላላችሁ፣ ወደፊትም ለሚያጋጥማችሁ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

አባታችን ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ቡና ያለሙ ገበሬ ነበሩ። በአጥቢያችንም ሽማግሌ ሆነው ለረጅም ዓመት አገልግለዋል። በሽታው የጀመራቸው በቡና ለቀማ ወራት ነው። ሽንታቸው ቀይ ሆኖ ወጣ። ሕመም የለውም፤ ማቃጠልም የለውም። ሁለት ቀን ቆይቶ ጠፋ። ለማንም አልተናገሩም። አፍረውም ይሆናል፣ ለቀማው ስላልተጠናቀቀም ይሆናል። በጥር ወር እናታችን ልብሳቸውን ስታጥብ የደም እድፍ አየች፤ ነገሩም ከዚያ በኋላ ተገለጠ።

በቅርባችን ያለ የሕክምና ቦታ ወሰድናቸው። «ኢንፌክሽን ነው» ተባለና ክኒን ተሰጣቸው። ደሙ ቆመ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ሌላ ክኒን ተሰጣቸው፤ ቆመ፤ ደግሞ ተመለሰ። የሽንት ፊኛ ካንሰር ጠባዩ እንዲህ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ምልክቱ ሕመም የሌለው ደም ነው፤ ደሙ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሰውም ክኒኑ ያዳነው ይመስለዋል።

በአልትራሳውንድ ሲታዩ በፊኛቸው ውስጥ የበቀለ ነገር ተገኘ። «ጊዜ ሳትፈጁ አዲስ አበባ ውሰዷቸው» ተባልን።

በዚያው ሳምንት ግን በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ የመጣ እንግዳ አገልጋይ እጁን ጭኖባቸው «ተፈውሰዋል፤ ከዚህ በኋላ ሐኪም ቤት መሄድ ያለማመን ነው» አለ። ከእኛ አንዱ፣ ታናሹ ወንድማችን፣ ዲያቆን ነው። ቃሉን ተቀብሎ «አንሄድም» አለ። የሁለት ሳምንት ጊዜ በክርክር አለፈ። ይህን ስንጽፍ እሱም አብሮን ተቀምጧል፤ ራሱ ነው «ጻፉት» ያለን። ክርክሩን የዘጉት አባታችን ናቸው፤ «ጌታ ፈውሶኝ ከሆነ ሐኪሙም ያየዋል፤ ጌታን የሚያሳፍር ምርመራ የለም» አሉና ተነሡ። በመንገድ ላይም የሕዝቅያስን ታሪክ አስታወሱን። ንጉሡ አልቅሶ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማውና ዐሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት፤ ሆኖም በዚያው ምዕራፍ፣ በኢሳይያስ 38 ላይ፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት ታዟል። የጸሎቱ መልስና መድኃኒቱ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው።

በያዩ ጫካ አልፈን፣ በበደሌ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። ሐኪሙ በሽንት ቧንቧ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን ቆርጦ አወጣ። ከዚያም አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሰጡንና «ወደ ላብራቶሪ ውሰዱት» አሉን። በአገራችን ቤተሰብ ናሙናውን በእጁ ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው። ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልለን ታክሲ ያዝን። ላብራቶሪው ስንደርስ የተቀበለችን ልጅ ከፈተችው፤ አየችው። «በምን ውስጥ ነው ያደረጉት? ፎርማሊን እኮ አይደለም» አለች። ዕጢው የተቀመጠው በተራ የጨው ውሃ ነበር። ከተቆረጠም ብዙ ሰዓት አልፎት ነበር፤ ግማሹ ተበላሽቷል። ያወጣውን ቦታ ስም አንጠራም፤ የምንጽፈው ለወቀሳ አይደለም። እኛም አልጠየቅንም፤ መጠየቅ እንዳለብን የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

ከተረፈው ክፍል ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም፤ ዕጢው በፊኛው ሽፋን ላይ ብቻ ነው ወይስ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል? ሕክምናው የሚለየው በዚህ ነው። ሽፋኑ ላይ ብቻ ከሆነ ተፍቆ ይወጣና ብዙ ጊዜ ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ፣ ለሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ሆኖ የሚሰጠው ቢሲጂ ነው። ያ በልጆቻችን ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው ክትባት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊኛ ካንሰር ሕክምና ላይ ይውላል። ጡንቻ ውስጥ ከገባ ግን ፊኛውን ማውጣት፣ ኬሞ ወይም ጨረር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ተቆረጠ። በዚህኛው ጠርሙስ ላይ ስማቸውና ቀኑ ተጽፎ፣ ፎርማሊኑ ናሙናውን ሸፍኖት ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለው ሥጋ ውሃው ወጥቶ በሰም ይሞላል፣ እንደ ትንሽ ሳሙና ይሆናል። ብሎክ ይሉታል። ከዚያ ከፀጉር የቀጠነ ቁራጭ እየተላጠ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ብሎኩ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ በውስጡም የዕጢው ዘረመል አለ።

ውጤቱ መጣ፤ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል። በሲቲ ስካን ሲታይም ወደ ሳንባ ደርሷል። ሐኪሙ አዋሽ በረሃ ሠርተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የሚገኘው የሽንት ቢልሃርዚያ የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ ስለሚታወቅ ነው። አልሠሩም፤ የዕጢው ሕዋስም በቢልሃርዚያ ምክንያት ከሚመጣው ዓይነት አልነበረም። ቀጥሎ ስለ ሲጋራ ጠየቃቸው። አባታችን ጌታን ከማግኘታቸው በፊት አጫሽ ነበሩ፤ ከተዉት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ መተው አደጋውን በእጅጉ ቢቀንሰውም ጨርሶ እንደማያጠፋው ያን ቀን ሰማን። እናታችን በዚህ በጣም አዘነች። አባታችን ግን «ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ሥጋዬ ደግሞ የራሱ ማስታወሻ አለው» ብለው ዝም አሉ።

ኩላሊታቸው ስለተጎዳ ጠንካራውን ኬሞ አይችሉትም ተባለ። በዚህ ጊዜ ነው ታላቅ እህታችን ደውላ ስለ ዘረመል ምርመራ የነገረችን። በእርሷ አገር ካንሰሩ የተዛመተበት ሰው ዕጢ ለጂን ለውጥ ይመረመራል አለች። ሐኪሙን ጠየቅነው፤ ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳን።

ኤፍጂኤፍአር 3 የሚባል ጂን አለ። በሕዋሱ ገጽ ላይ እንደ በር ደወል የሆነ ነገር ይሠራል። ደወሉ ሲነካ ሕዋሱ «እደግ» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። በአንዳንድ ሰዎች ዕጢ ውስጥ ይህ ጂን ተለውጧል፤ ደወሉ ማንም ሳይነካው ቀንና ሌሊት ይጮኻል። ኤርዳፊቲኒብ የሚባለው ክኒን ያን ደወል ዝም ያሰኛል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ፈቀደው፤ ለፊኛ ካንሰር በጂን ምርመራ ተለይቶ የሚሰጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ነገር ግን በሽታው ከተዛመተባቸው ሰዎች ለውጡ የሚገኘው ከአምስት ወይም ከስድስት በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ለውጡ ለሌለው ሰው ክኒኑ አይታዘዝም። ለውጡ ላለው ሰውም ቢሆን ዕድሜ ይጨምራል እንጂ እንደማያድን ሐኪሙ አልደበቀንም። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜያቸው 12 ወር ገደማ፣ ኬሞ የወሰዱት ደግሞ ስምንት ወር የማይሞላ ነበር። «ልዩነቱ አራት ወር ነው» አለን ሐኪሙ። «ለአንዳንድ ሰው ከዚያ ይበልጣል፤ ለአንዳንዱ ያንሳል።»

እኛ የተማርን ነን የምንለው ልጆች ግር ብሎን ስንተያይ አባታችን ሳቁ። «ይኼማ የቡና ቁጥር ነው!» አሉ።

መቱና አካባቢው የሚኖር ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ቡናውን ሲያጠቁር፣ ከጅማ የመጡ ተመራማሪዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፈለጉ። በ1974 እ.ኤ.አ. ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ፣ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ 74110፣ 74112 እያልን የምንተክላቸው ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ነው፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ዓመተ ምሕረቱ ነው። ሁለት የቡና ዛፍ ጎን ለጎን ቆመው ቅጠላቸውም ፍሬያቸውም አንድ ይመስላል። በሽታ ሲመጣ ግን አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይጠቁራል። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። አባታችን በማሳቸው 74110 ተክለዋል፤ ነገሩን ከእኛ ቀድመው የተረዱት ለዚህ ነው። «የዕጢዬን ቁጥር ሊጠይቁ ነው» አሉ።

ይህ አሠራር ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ለዘረመሉ ለውጥ የተሠራውን ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን በነፃ ሲወስዱ ኖረዋል። ለእኛ በሚቀርበው በምዕራብ ወለጋም፣ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሚመራው በአይራ ሆስፒታል፣ የጡት ካንሰር ያለባቸው የገጠር ሴቶች ዕጢያቸው ለሆርሞን ተቀባይ ተመርምሮ ታሞክሲፈን ተሰጥቷቸዋል። የጡቱ ምርመራ የጂን አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ለዚህች ሴት ዕጢ የሚሆነው መድኃኒት የትኛው ነው? ታሞክሲፈን ርካሽ ነው። የእኛ ችግር ኤርዳፊቲኒብ እጅግ ውድ መሆኑ ነበር።

ወደ ቤት ተመልሰን ተጣላን። እውነቱን እንናገር፣ ክፉኛ ተጣላን። እህታችን የምርመራውን ወጪ እችላለሁ አለች። ግን ውጤቱ «አለ» ቢልስ? የአንድ ወሩ መድኃኒት ቤተሰባችን በብዙ ዓመት የማይሰበስበው ገንዘብ ነው። ከእኛ ሁለቱ «የታችኛውን ማሳ እንሸጣለን፤ ከተማ ያለውንም ቤት እንሸጣለን» አልን። አንዱ «እናታችን ምን ልትበላ ነው?» አለ። ዲያቆኑ ወንድማችን ደግሞ «ከመጀመሪያውም የሰው ምክር ተከትለን ነው» አለ። ያን ምሽት ሳንጸልይ ተኛን። በቤታችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባታችን ጠሩን። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ሉቃስ 14 ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለሚቆጥርበት ክፍል ነገሩን። «እናንተ ቆማችሁ ነው የምትቆጥሩት፤ ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ምርመራውን እቀበላለሁ፤ እህታችሁ ስላቀረበችው፣ ለእናንተም ሳታውቁ መቅረት ስለሚከብዳችሁ። ለውጡ አለ ከተባለ መድኃኒቱ በእርዳታ የሚገኝበትን መንገድ ትፈልጋላችሁ፤ ከተገኘ እወስዳለሁ። ማሳው ግን አይሸጥም። አራት ወር ለመኖር እናታችሁን አላስርብም። የለም ከተባለም የለም ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጠቢብ፣ ሌላ ነቢይ ፍለጋ አታዞሩኝም።» ሁላችንም ቃል ገባን።

ብሎኩ ተላከ። አምስት ሳምንት ጠበቅን። ጾምን፣ ጸለይን። አሁን ስናስበው እንግዳ ጸሎት ነበር፤ በአባታችን ዕጢ ውስጥ የተበላሸ ጂን እንዲገኝ ነበር የምንለምነው። የቤት ኅብረታችን ወገኖችም ሳይገባቸው አብረው «አሜን» ይሉ ነበር።

መልሱ በእህታችን ስልክ መጣ። የተፈለገው ለውጥ አልተገኘም። ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ነበር። አባታችን «ምን ይላል?» አሉ። ማን ይንገራቸው? በመጨረሻ ታናሹ «የለም ይላል፣ አባዬ» አላቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ገለቶማ» አሉ። ማንን እንዳመሰገኑ አልጠየቅናቸውም። ቀጥለውም ቡናው እንዲቀዳላቸው ጠየቁ።

እኛ ግን አመስጋኞች አልነበርንም። ከእኛ አንዷ ለሦስት እሑድ መዝሙር መዘመር አቃታት። ጸሎታችን ወዴት ሄደ አልን። የጳውሎስን ታሪክ በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ መውጊያው እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፣ አልተወሰደለትም፣ ጸጋ ግን ተሰጠው። ስብከቱን እናውቀዋለን። በቤታችን ሲሆን ግን ስብከት ሆኖ አልተሰማንም፤ በር እንደተዘጋብን ነው የተሰማን።

ያ «የለም» ምን እንደሰጠን ያየነው በቀሩት ወራት ነው። ለውጡ መኖር አለመኖሩን ሳናውቅ ብንቀር ኖሮ እንደማናርፍ እናውቃለን። «ቢሆንስ?» እያልን ማሳውን ሸጠን፣ እሳቸውንም ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ስናመላልስ ቀናቸው ያልቅ ነበር። ማወቃችን አሳረፈን። ሐኪሙ የሚዋጥ ፈሳሽ ሞርፊን አዘዘላቸው፤ ሌሊት መተኛት ጀመሩ። በድንበር ምክንያት ለዓመታት ካልተነጋገሩት ጎረቤታቸው ጋር ታረቁ፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ በየማለዳው ወተት ያመጣላቸው ነበር። ማሳውን በሕይወት እያሉ ለእናታችን አጸኑላት። ቡናው ደግሞ በቀላ ጊዜ በማስጫው አልጋ አጠገብ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ ጥሬውን ከበሰለው እየለዩ ያወጡ ነበር። በኅዳር፣ ለቀማው ሳይጠናቀቅ፣ በራሳቸው አልጋ ላይ፣ እኛ በዙሪያቸው ሆነን፣ አንቀላፉ።

ሁሉም ነገር ጥያቄ አልባ ሆኖ ተፈጸመ አንልም። የደጋገምነው ክኒን፣ በክርክር ያለፈው ሁለት ሳምንት፣ የተበላሸው ጠርሙስ እስከ ዛሬ ይቆጨናል። ቀደም ብሎ ቢታወቅ ምናልባት በሽፋኑ ላይ ሳለ ይደረስበት ነበር። ይህን ጥያቄ በጌታ ፊት አስቀምጠነዋል፤ እኛ አንመልሰውም። አባታችን መዝሙር 139ን ይወዱ ነበር፤ ዳዊት ገና ሳይሠራ እግዚአብሔር እንዳየው የሚናገርበትን። እኛ በመሣሪያ፣ በሰም ብሎክ፣ ባሕር ማዶ ልከን የፈለግነውን ጌታ ከማኅፀን ጀምሮ ያውቀዋል። ዕውቀቱ ሁልጊዜ እኛ በፈለግነው «አለ» አይመጣም። ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ ፊት ባያድነንም አንሰግድም ያሉበት እምነት ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ወገኖቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የምናስተላልፈው ጥቂት ነገር ነው። ሽንት ላይ ደም ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ ቢቆምም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ተመርመሩ፤ ክኒን ወስዳችሁ ከተመለሰ ፊኛው እንዲታይ ጠይቁ። አባቶቻችን ያፍራሉና ልጆች እናንተ ጠይቋቸው። ዕጢ ተቆርጦ ጠርሙስ ከተሰጣችሁ «ፎርማሊን ነው ወይ? ስሙ ተጽፎበታል ወይ?» በሉ። ብሎኩ የት እንደሚቀመጥ ጠይቃችሁ ጻፉት። ውድ ምርመራ ሲቀርብላችሁ «መልሱ ምን ይለውጣል?» ብላችሁ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፤ ከማዘዛችሁ በፊት «አለ» ቢል ይህን፣ «የለም» ቢል ያን እናደርጋለን ብላችሁ ተቀምጣችሁ ተስማሙ። የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ለታመመ ጸልዩ፣ እጃችሁንም ጫኑ፤ ነገር ግን ከሐኪም ደጅ አትመልሱት።

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ዛሬ ውጤት እየጠበቁ ያሉትን ቤተሰቦች አስብ። «አለ» ለሚባሉት መንገድ ክፈትላቸው፤ «የለም» ለሚባሉት አንተ ራስህ ቅረብላቸው። የተጣሉትንም ልጆች በአንድ ማዕድ ሰብስባቸው። አሜን።

ጸጋው ይብዛላችሁ።